የአካባቢ ጤናንና የሥራ ላይ ደህንነትን በክርስቲያን ዓይን ማጥናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ «የአካባቢ ጤና» ደርሷቸው ምን እንደሆነ ግራ ለገባቸው ተማሪዎችና ወላጆቻቸው፣ በፋብሪካና በግንባታ ቦታ ለሚውሉ ምእመናን፣ እንዲሁም እምነታቸውንና ሙያቸውን ለያይተው መኖር ለማይፈልጉ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው።

የትምህርት ክፍሉ በትክክል ምን ያስተምራል?

ሰው ታሞ ሐኪም ቤት ከመድረሱ በፊት ያለውን ነገር ያስተምራል። ውኃው ከየት ይመጣል፣ ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል፣ ሥጋው የት ታረደ፣ ትንኙ የት ይራባል፣ ጭሱን ማን ይተነፍሰዋል የሚሉት ጥያቄዎች የአካባቢ ጤና ናቸው። የሥራ ላይ ደህንነትና ጤንነት ደግሞ እነዚህኑ ጥያቄዎች ይዞ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ግንባታ ቦታና ወደ አበባ እርሻ ይገባል፤ አቧራን፣ ድምፅን፣ ሙቀትን፣ ኬሚካልን፣ የሚሽከረከር ማሽንንና ከፍታን ይመረምራል።

በአገራችን ሙያው አዲስ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) በአንድ ላይ እያሠለጠነ በቡድን ያሰማራ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመርም ከ16ቱ ፓኬጆች ሰባቱ የንጽሕናና የአካባቢ ጤና ጉዳዮች ነበሩ። ዛሬ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐረማያና ሐዋሳ ትምህርቱን ከሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ናቸው።

ይህ ሁሉ ከክርስትና ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብዙ ሰው መልሱን ከዘፍጥረት 2፥15 ይጀምራል፤ አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው። መልካም ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የማሳየው ዘዳግም 22፥8ን ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ የደሙ በደል በቤቱ ላይ ይሆናል። በዚያ ዘመን የእስራኤል ቤት ጣራው ጠፍጣፋ ነበር። ሰው ይቀመጥበታል፣ ይተኛበታል፣ እህል ያሰጣበታል፤ ረዓብም ሰላዮቹን የሸሸገችው ጣራዋ ላይ ነው።

ትእዛዙን ልብ ብላችሁ አንብቡት። እንግዳው ተጠንቅቆ ይራመድ አይልም። ልጆችህን ምከር፣ ጠርዙ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፍ አይልም። ቤቱን የሠራው ሰው፣ ማንም ገና ሳይወድቅ፣ በራሱ ወጪ መከታ ያቁም ይላል። የዘመናችን የደህንነት ሳይንስ «የቁጥጥር ተዋረድ» እያለ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያ አደጋውን ከነአካቴው አስወግድ። ካልሆነ ጉዳቱ በሚያንስ ነገር ተካው። ካልሆነ በአጥር፣ በክዳን፣ በአየር ማናፈሻ ከሰው ለየው። ከዚያ የሥራውን ሰዓትና አሠራር አስተካክል። ሄልሜት፣ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ከሁሉም በኋላ ይመጣሉ፤ ምክንያቱም እነርሱ ካልሠሩ ከአደጋውና ከሰውየው አካል መካከል የሚቆም ሌላ ነገር የለም። በእኛ አገር ብዙ ድርጅት ይህን ተዋረድ ገልብጦ ከሄልሜት ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ላይ ያበቃል።

ዘጸአት 21 ደግሞ ሌላውን ግማሽ ይሰጠናል። ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ይከፍላል። ተዋጊ በሬ ያለው ሰው አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ በሬው ሰው ቢገድል፣ ባለቤቱ በነፍሱ ይጠየቃል። «ተነግሮት ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም በአደጋ ምርመራ ውስጥ ዋናው ጥያቄ ነው። ለእኔ የዚህ ትምህርት ክርስቲያናዊ መሠረቱ እዚህ ላይ ነው፤ ኃላፊነቱ አስቀድሞ የሚጠየቀው ከሚወድቀው ሰው ሳይሆን ጣራውን ከሠራው ነው።

«ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ሰው ምን ልበለው?

ለሐዘንተኛ ማጽናኛ ሲሆን ዝም በሉ፤ አብራችሁ አልቅሱ። በአደጋ ሪፖርት ላይ ሲጻፍ ግን አትቀበሉት።

ጌታችን ይህን ጉዳይ በቀጥታ ነክቶታል። በሰሊሆም ግንብ ተንዶ 18 ሰዎችን በገደለ ጊዜ፣ ሟቾቹ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች አልነበሩም ብሏል (ሉቃስ 13፥4–5)። ቀጥሎ የሚናገረው በሕይወት ላሉት ነው፤ ንስሓ ግቡ። እንግዲህ የሟችን ኃጢአት መቁጠር ከተከለከልን፣ የቀረልን የራሳችንን መመርመር ነው። በአዲስ አበባ ቆሼ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የተከመረው ቆሻሻ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በክምሩ ሥር በጭቃና በላስቲክ ቤት የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። ስለ እነርሱ የሚጸልይ ሰው የክምሩ ቁልቁለት ምን ያህል እንደነበረ፣ ውኃ እንዴት እንደሰረገው፣ ሰዎቹ ከዚያ ሥር እንዲኖሩ ያስገደዳቸው ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ይህ ጥያቄ እምነት ማጣት አይደለም፤ በሰሊሆም ትምህርት መሠረት ከእኛ የሚጠበቀው እርሱ ነው።

እግዚአብሔር ከጠበቀኝ የደህንነት ቀበቶ ለምን አስፈለገ?

ማቴዎስ 4፥5–7ን አንብቡ። ከመቅደስ ጫፍ «ራስህን ወርውር፤ መላእክት ያነሱሃል» ያለው ማን እንደሆነ፣ ጌታም ምን ብሎ እንደመለሰለት እዚያ ተጽፏል። በአጣና መወጣጫ ላይ አምስተኛ ፎቅ የቆመ ወንድም ሊያስታውሰው የሚገባ ክፍል ነው።

ለሌላው ነፍስን መስጠት ክርስቲያናዊ አይደለም? ታዲያ ለምን «ለማዳን አትግቡ» ትላላችሁ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ።

የውኃ ጉድጓድ የሚጠርግ ወይም ሴፕቲክ ታንክ የሚያጸዳ ሰው ይገባና ድምፁ ይጠፋል። ወንድሙ «ምን ሆነ?» ብሎ ይገባል፤ እርሱም ይጠፋል። ጎረቤት ይከተላል። አንድ ቤተሰብ በአንድ ጉድጓድ የሚያልቀው እንዲህ ነው። አሜሪካኖች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባጠኑት መሠረት በእንዲህ ዓይነት ጠባብና የታፈነ ቦታ ከሚሞቱት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሊያድኑ የገቡ ናቸው።

ምክንያቱ አይታይም። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለው፤ ከ19.5 በመቶ ሲወርድ ቦታው አደገኛ ይባላል፤ በጣም ሲወርድ ሰው ጥቂት እስትንፋስ ስቦ ራሱን ይስታል፣ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አያገኝም። ከፍሳሽ የሚወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ደግሞ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ሽታው የጠፋለት ሰው አየሩ የጸዳ ይመስለዋል። ሻማ ወይም ኩራዝ አውርዶ መሞከርም አያስተማምንም፤ ነበልባሉ መርዙን አያሳይም፣ ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ካለ ደግሞ ፍንዳታ ያስነሳል።

ዮሐንስ 15፥13 ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ስለሚሰጥ ይናገራል። ያ ፍቅር ታላቅ ነው፤ ተከትሎ የገባውን ወንድም ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን እርሱ ነፍሱን ሰጠ እንጂ ወዳጁ አልዳነም፤ የሞቱት ሁለት ሆኑ። ይህን ትምህርት የምታጠኑት ፍቅራችሁ እንዲያድን ነው። ከመግባት በፊት አየሩ በጋዝ መለኪያ ይለካል፣ ንጹሕ አየር ይነፋበታል፣ የሚገባው ሰው በደረቱ ቀበቶ ይታሰራል፣ ገመዱ በጉድጓዱ አፍ ላይ በቆመ ባለሦስት እግር ማንሻ ያልፋል፣ ከላይ የቆመው ሰው ምንም ቢፈጠር አይገባም፤ ከውጭ ይጎትታል። የጋዝ መለኪያ፣ ማናፈሻና ማንሻ በሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ሰው መላክ የለበትም። ቀጣሪው «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብሎ ሰው ካስገባ ግን ቃሉ ጸሎት አይባልም።

ትምህርቱ ይከብዳል?

ኬሚስትሪና ሂሳብ ይፈልጋል። ድምፅን ብቻ እንይ። ለስምንት ሰዓት የሚመከረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነው፤ ከዚያ በላይ ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት ብቻ ይሆናል። ቁጥሩን የማያውቅ ተቆጣጣሪ የድንጋይ መፍጫ አጠገብ የሚውለው ልጅ በ30 ዓመቱ ለምን እንደደነቆረ አይገባውም።

ከቁጥሩ በላይ የሚያስቸግረው ግን ዓይን የሚያታልልባቸው ነገሮች ናቸው። በስምጥ ሸለቆ የሚገኝ የከርሰ ምድር ውኃ ጥርት ያለ፣ ጣዕሙም ምንም የማይል ሆኖ በውስጡ የሟሟው ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ከዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ በብዙ ሊያልፍ ይችላል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው በዚህ ጥርሳቸው ጠቁሯል፣ አጥንታቸው ታሟል። እናቶቻችን «አፍልታችሁ ጠጡ» ይላሉ፤ ለተሕዋስያን ትክክል ነው። ፍሎራይድን ግን ማፍላት አያጠፋውም፤ ውኃው ሲተን የቀረው ውስጥ መጠኑ እንዲያውም ይጨምራል።

ከዚህ በፊት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በዚህ መስክ የሠሩት አለ?

አለ። በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን የሶሆ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰው ሞተ። ሐኪሙ ጆን ስኖው መነሻው የብሮድ ጎዳና የውኃ ፓምፕ እንደሆነ ተናገረ፤ የፓምፑ እጀታም ተነቀለ። የሰፈሩ ወጣት ቄስ ሄንሪ ዋይትሄድ ይህን አላመነም፤ ሐኪሙ ተሳስቷል ብሎ ለማሳየት ቤት ለቤት መጠየቅ ጀመረ። ምእመናኑን በስም ያውቃቸዋል፣ ሟቾቹን ራሱ ጎብኝቷል፤ የሐኪሙ በር ላይ የማይነገረው ለእርሱ ይነገረዋል። ሲጠይቅ ሲጠይቅ የሰበሰበው ማስረጃ ሁሉ ወደ ፓምፑ መራው። በፓምፑ አጠገብ ባለው ቤት የታመመች ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውኃ ከጉድጓዱ አጠገብ ወዳለው የፍሳሽ ጉድጓድ ይደፋ እንደነበረ ያገኘውም እርሱ ነው። ሐሳቡን ለውጦ ከሐኪሙ ጎን ቆመ። ለእኛ ካህናትና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም፤ የንስሓ አባት የስንቱን ቤት ደጅ ያውቃል!

በዚያው አገር በ1838 እ.ኤ.አ. ሃስካር በተባለ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ 26 ልጆች በጎርፍ ሞቱ። ከአራት ዓመት በኋላ ወንጌላዊው ክርስቲያን ሎርድ ሻፍትስበሪ፣ ያኔ ገና ሎርድ አሽሊ ሲባል፣ ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከምድር በታች እንዳይሠሩ የሚከለክለውን ሕግ ፓርላማ ውስጥ ታግሎ አስወጣ። ሳልደብቅ ልናገር፤ ሕጉን ከተቃወሙት መካከልም ራሳቸውን ክርስቲያን የሚሉ ባለ ማዕድኖች ነበሩ።

ሥራ ይገኛል?

ወላጆች ይህን የመጠየቅ መብት አላቸው። የጤና ቢሮዎች፣ የውኃ አገልግሎቶች፣ ሆስፒታሎች፣ የግንባታ ተቋራጮች፣ ፋብሪካዎች፣ የአበባ እርሻዎችና የእርዳታ ድርጅቶች ይቀጥራሉ። ውድድሩ ቀላል አይደለም። መለኪያ መሣሪያ በእጁ ይዞ የተለማመደ፣ ሪፖርት በአማርኛም በእንግሊዝኛም አጥርቶ የሚጽፍ ተመራቂ ይቀድማል።

አለቃዬ «ይህን አደጋ አትመዝግበው» ቢለኝስ?

ሕዝቅኤል 33፥6 ሰይፍ ሲመጣ አይቶ ቀንደ መለከት ያልነፋውን ጉበኛ ይናገራል፤ የሞተው ሰው ደም ከጉበኛው እጅ ይፈለጋል። የደህንነት ባለሙያ ደመወዝ የሚበላው ለዚህ ነው።

ግን ብቻችሁን አይደላችሁም፤ ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አደጋን እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ደግሞ ሁለት ነገር ይላል፤ ከባድና ቅርብ አደጋ አይቶ ከቦታው የሸሸ ሠራተኛ አይቀጣም፤ የደህንነት እርምጃም ሠራተኛውን ገንዘብ አያስወጣውም። የሴፍቲ ጫማ ዋጋ ከቀን ሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጥበትን ቦታ ካያችሁ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል የሚለው ያዕቆብ 5፥4 ትዝ ይበላችሁ።

በተግባር ግን ጠብ አታስቀድሙ። አደጋውን በዕለቱ፣ በሰዓቱ፣ ባዩት ሰዎች ስም ጻፉ። ለአለቃችሁ በጽሑፍ ስጡና ቅጂ ያዙ። ለደህንነት ኮሚቴው ወይም ለሠራተኛ ማኅበሩ አቅርቡ። ካልተሰማችሁ ወደ ተቆጣጣሪው ሂዱ። ቤተሰብ የምታስተዳድሩ ከሆነ ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው የአጥቢያ ምእመናን እውነት በመናገሩ ሥራ ያጣውን ወንድም ወይም እኅት መደገፍ አለባቸው የምለው።

በዐቢይ ጾም ከባድ የጉልበት ሥራ እንዴት ይቻላል?

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ ፀሐይ ላይ ሲሚንቶ የሚሸከም ሰው ራስ ምታትና ማዞር ሊይዘው ይችላል፤ ከፍታ ላይ ሲሆን ማዞር ሞት ነው። በጾሙ መቀለድ አይገባም፤ ጾሙን እንዳላየ ማለፍም አይገባም። ተቆጣጣሪው ከባዱን ሥራና የከፍታውን ሥራ ወደ ማለዳ ያድርገው፤ የጾመ ሰው ቀትር ላይ መሬት ላይ የሚሠራ ሥራ ይሰጠው፤ ጥላ ይዘጋጅ። ሠራተኛው ደግሞ ሥራውን ለንስሓ አባቱ በዝርዝር ያስረዳ፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመንና የደከመን እንደ አቅሙ የምታይበት ሥርዓት አላት። ላብ ማቆም፣ መደናገር፣ ቆዳው እንደ እሳት መጋል የታየበት ሰው ግን በሙቀት ተመቷል፤ ወዲያው ጥላ ውስጥ ይግባ፣ ገላው በውኃ ይቀዝቅዝ፣ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

በዐረብ አገሮች የምትሠራ እኅቴን ይህ ትምህርት ይጠቅማታል?

በጣም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ ቀትር ላይ ደጅ መሥራትን የሚከለክል ሕግ አላቸው፤ ያ ሕግ የሚጠብቀው ግን የግንባታና መሰል የውጭ ሠራተኞችን ነው። የቤት ሠራተኛዋ አደጋ ከበር ጀርባ ነው። አንድ ነገር ዛሬውኑ ንገሯት፤ በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ወይም አሞንያ ካለበት የመስኮት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅል። የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከተሳሳተች ሳታጸዳው ትውጣ፣ በርና መስኮት ትክፈት።

ክርስቲያን ያልሆኑ የሥራ ባልደረቦቼስ?

የጣራው መከታ የሚወድቀውን ሰው ሃይማኖት አይጠይቅም። የሰንበት ዕረፍት ትእዛዝም ባሪያውን፣ ገረዱን፣ በደጅህ ውስጥ ያለውን እንግዳና በሬህን ሳይቀር በስም ይጠራል (ዘዳግም 5፥14)። ለሙስሊም ባልደረባችሁ የሶላት ሰዓትና የረመዳን ጾም ከላይ ስለ ዐቢይ ጾም ያልኩት ሁሉ ይሠራል።

በአጥቢያችን ከምን ልጀምር?

ዞር ብላችሁ ግቢውን በባለሙያ ዓይን እዩ። በጉልላት ላይ የሚወጣው ሰው በምን ታስሯል? ለበዓል የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ገመድ ዝናብ ይነካዋል? ሕዝቡ በንግሥ ቀን የሚወጣበት በር ስንት ነው፣ ወደ ውጭ ይከፈታል? ጧፍ የሚበራው ከመጋረጃ ምን ያህል ይርቃል? በክረምት ጥበቃው የሚያድርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሰል ይቀጣጠላል? የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ተኝቶ ያለ ሰው ይገድላል።

ጠበል ካላችሁ ከምንጩ ጀምሩ። ምእመናን በእምነት የሚጠጡት ውኃ ስለሆነ ጥበቃው ከሌላ ምንጭ ሁሉ መብለጥ አለበት። ከምንጩ በላይ ያለው መሬት ይታጠር፤ ከብት አይግባበት። የዝናብ ጎርፍ ወደ ዓይኑ እንዳይገባ ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር። መቅጃውና መጠመቂያው ይለዩ። መጸዳጃ ቤቱ ከምንጩ በታች በኩል፣ ቢያንስ በ30 ሜትር ርቀት ይሠራ፤ መሬቱ ስንጥቅ ድንጋይ ከሆነ 30 ሜትርም አይበቃም። ይህን ለሰበካ ጉባኤው ስታቀርቡ ዘዳግም 23፥12–13ን ያዙ፤ እስራኤል ከሰፈር ውጭ እንዲጸዳዱና በመቆፈሪያ ቆፍረው እንዲከድኑ የታዘዙበት ክፍል ነው። ከእርሱም ጋር የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የውኃውን ናሙና እንዲመረምር የሚጠይቅ ደብዳቤ አያይዙ።